መስመሩ ላይ የወደቀችው አውሮፕላን

መጋቢት 28

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ቁመቴ ጨምሯል። ሱሪዎችህ አሁን ልክ ሆነውኛል። «ልብሴን አትንካ» የምትለው የድሮ ክርክራችን በኔ አሸናፊነት ተዘግቷል፤ ማሸነፉ ግን እንዳሰብኩት አልጣፈጠኝም።

ዛሬ የምጽፍልህ ያንተን ጉዳይ በሚመለከት ወረቀት ላይ ሳላማክርህ ስለፈረምኩ ነው። ለምን እንደፈረምኩ እንድታውቅ ከቀብርህ በኋላ እኔና አጎታችን የተጻጻፍናቸውን ደብዳቤዎች በተራ አስቀምጬልሃለሁ። አጎታችን ስል ያው የእናታችንን የአክስት ልጅ፣ አንተ «ባለከረባቱ» የምትለውን ነው፤ አገሮች ተሰብስበው የአውሮፕላን ሕግ በሚያወጡበት ጉባኤ አገራችንን ወክሎ የሚቀመጠውን። የኔን ከደብተሬ ገልብጬ፣ የሱን እንዳለ ነው ያስቀመጥኩት። እንደ ልማድህ መጨረሻውን ቀድመህ አትመልከት።

*

ኅዳር 12

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህች ደብዳቤ በደህና ታግኝዎ፤ ጤናና ሰላም ከደጅዎ አይጥፉ። እኔና አክስቴ ደህና ነን። አክስቴ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የራሷን ቤት ትታ እኔ ጋ ናት። የላኩልን የማጽናኛ መልእክት ደርሶናል፤ ፈጣሪ ብድርዎን ይክፈልልን።

እኔን ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ወደ ውጭ ሲሄዱ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሻንጣዎን ከፍቼ ካልሲዎን የበተንኩት እኔ ነኝ አሉ። ወንድሜ «ታወር» ነው የሚለኝ። እንደ አውሮፕላን ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ «ከየት መጣህ? ወዴት ነህ? ስንት ሰዓት ትመለሳለህ?» እያልኩ ስለማስጨንቅ ነው። እናትና አባታችን ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው።

ያን ቀን ጠዋትም እንደ ልማዴ ጠይቄዋለሁ። «ድንበሩ ጋ ያለው የሬዲዮ ጣቢያ ተበላሽቶ አብራሪዎች መንገድ እየሳቱ ነው፤ ጠግኜው ለእራት እደርሳለሁ» አለኝ። በትንሿ አውሮፕላን የሄዱት እሱና ፓይለቱ ብቻ ናቸው። ጣቢያውን ጠግኖ ሲመለስ ነው የወደቁት።

ዕቃውን መልሰውልናል። ቦርሳው፣ ጫማው፣ የመፍቻ ሳጥኑ፣ መነጽሩ ሳይቀር አለ። ሰማያዊ ጃኬቱ ግን የለም። ለብሶት እንደወጣ አውቃለሁ፤ ዚፑ ተይዞበት ያላቀቅኩለት እኔ ነኝ። የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ስጠይቅ «ዝርዝሩ ላይ የለም» አሉኝ። አክስቴ የአደጋው ምርመራ ዘገባ ለቤተሰቡ እንዲነበብ ማመልከቻ አስገብታለች፤ እስካሁን መልስ የለም። እርስዎ ትልቅ ቦታ ነዎትና ጃኬቱ የት እንደደረሰ ቢጠይቁልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት በኩል ቢልኩልኝ ይደርሰኛል። የመዝገብ ቤቷ እትዬ በየሁለት ሳምንቱ ከእርስዎ ዘንድ የፖስታ ከረጢት እንደሚመጣ ነግራኛለች።

ታናሽዎ ታወር

*

ታኅሣሥ 14

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ፤ ሸክምህን የሰጠህ ፈጣሪ ትከሻውንም ይስጥህ። አክስትህን በኔ ስም ጎንበስ ብለህ ሰላም በልልኝ።

ካልሲዎቹን አስታውሳለሁ። አንደኛው እግር እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በራሴ ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ካነበብኩ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ስለዚህ ያንተን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የምሠራበት አዳራሽ መስኮት የለውም። ከፊቴ የአገራችን ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ተቀምጧል፤ ከሰሌዳው ኋላ እኔ አለሁ። ሰው ሰላም የሚለው ሰሌዳውን ነው። ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ማንም አያቆሽሸውም።

ምን እንደምንሠራ ልንገርህ። እያንዳንዱ አገር የሚፈልገውን በዝርዝር ይዞ ይመጣል። በኛ ዝርዝር አንደኛው የምክር ቤት መቀመጫ ማግኘት ነው። ሁለተኛው በሰማያችን የሚያልፉ አውሮፕላኖች የሚከፍሉት ዋጋ ነው። ሦስተኛው አብራሪዎቻችን የያዙት የምስክር ወረቀት በሌሎች አገሮች እንዲታወቅ ነው። የጠፋ አውሮፕላንን የትኛው አገር ይፈልግ የሚለው አራተኛ ላይ አለ፤ በመጋቢቱ ስብሰባ ይነሣል።

ስለ ጃኬቱ አጣራለሁ። ትምህርትህን በርታ።

አጎትህ

*

ጥር 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ለእርስዎ የጤና፣ ለክፍልዎም የእንግዳ ይሁንልዎ። አክስቴ «ሰው የማያቆሽሸው ቤት አያስቀናም በለው» ብላለች።

ደብዳቤዎን የሰጠችኝ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ናት። ከሩቅ ስታየኝ «ና ታወር፣ ከባለከረባቱ መጣልህ!» ብላ ጮኸች። ስሙን ያስለመደው ወንድሜ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎም አሁን አወቁት።

የጠፋ አውሮፕላን ፍለጋ በዝርዝርዎ አራተኛ ለምን ሆነ? ይህን የምጠይቅዎ ከበረራ ተቆጣጣሪዎቹ አንዱ፣ የወንድሜ ጓደኛ ራሰ በራው፣ ባለፈው እሑድ ቤት መጥቶ ስለነገረኝ ነው። ያን ቀን ተረኛ እሱ ነበር። አውሮፕላኗ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ ያሰማችው በኛና በጎረቤት አገር ሰማይ መካከል ካለው መስመር ላይ ነው። ስትጠፋበት ለጎረቤት አገር ተረኛ ደወለ። የተባባሉትን እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦

— እንደምን ዋላችሁ? አንዲት ትንሽ አውሮፕላን አልመልስ አለችን።

— ደህና እግዚአብሔር ይመስገን። የመጨረሻ ድምፅዋ ከየት ነው?

— መስመሩ ላይ ካለችው ነጥብ።

— እንግዲያው የናንተ ናት።

— ነጥቧ እኮ የሁለታችንም ናት።

— እሱስ ልክ ነው። እናንተ ጀምሩ፣ እኛ እናግዛለን።

— ኧረ ለናንተ ትቀርባለች። እናንተ ጀምሩ፣ እኛ እናግዛለን።

«አንድም ክፉ ቃል ከአፋችን አልወጣም» አለኝ ራሰ በራው። «የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ብንሰዳደብ ኖሮ አንዳችን ተናደን እንነሣ ነበር።»

በማግስቱ የትምህርት ቤቱን ካርታ አውርጄ በማስመሪያ ለካሁት። ከነሱ ሄሊኮፕተር ማረፊያ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ከኛ አሥራ አራት። የጂኦግራፊ መምህራችን ደርሶ «ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ። «እየለካሁ ነው» አልኩት። «ፈተና ላይ አይመጣም» ብሎኝ ሄደ።

እንግዲህ ልመናዬ አራተኛውን አንደኛ እንዲያደርጉልኝ ነው። ሕጉን እንዴት እንደሚጽፉት አላውቅም፤ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ ቀድሞ የሰማ ይነሣ፤ የማን ሰማይ እንደሆነ በኋላ ይነጋገሩ።

ስለ ጃኬቱስ?

ታናሽዎ ታወር

*

የካቲት 24

ለእህቴ ልጅ፣

ባለህበት ጥላ ከለላ አይለይህ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየመኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጄያለሁ።

ዓረፍተ ነገርህን ለጎረቤት አገር ልዑክ አሳየሁት። ወደ አዳራሹ ስንገባ በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ» ስንባባል ከኋላችን ሰልፍ የሚሠራብን ዓይነት ሰው ነው። እሱም እንደኔ ብቻውን የሚኖር ነውና ምሳ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን ለየብቻችን እንበላለን። ዓረፍተ ነገርህን በቋንቋው ተርጉሜ ስሰጠው ሹካውን አስቀመጠ። «ይህን የጻፈው የሕግ ባለሙያ ነው?» አለኝ። «አይ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው» አልኩት። ለመንግሥቱ ላከው።

መልሱ መጥቷል። ጎረቤታችን ይስማማል። ሁለቱ አገሮች ይፈራረማሉ፤ ከእንግዲህ ቀድሞ የሰማ ይነሣል፤ መስመሩን ለመሻገር ፈቃድ አይጠብቅም። ከዚያም ለመላው ጉባኤ በጋራ እናቀርበዋለን። ያስቀመጡት ሁኔታ አንድ ነው፤ የአደጋው ዘገባ አይነበብም፣ አይታተምም። ከተነበበ ሕዝባቸው የራሱን ሚኒስትር ይጠይቃል። የኛ ሰዎችም ለምክር ቤቱ መቀመጫ የነሱን ድምፅ ስለሚፈልጉ ተስማምተዋል። የቀረው የናንተ ማመልከቻ ነው። ቤተሰቡ ካነሣው ዘገባው ይዘጋል።

አስቡበት። ሌላም ላነሣልህ የምፈልገው ነገር አለ። እዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት አለ። ክፍሌ ጠባብ ብትሆንም አንድ አልጋ አታጣም። ብትመጣ ደስ ይለኛል።

አጎትህ

*

መጋቢት 3

ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ይህ ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ከረጢቱ ሁለት ጊዜ ባዶውን መጥቶ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ «ሲረሱህ አይደለም፣ የሚሉትን ሲያጡ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ደብዳቤዎን አገላብጬ ፈልጌያለሁ፤ ጃኬት የሚል ቃል የለበትም። በመጀመሪያው «አጣራለሁ» ብለው ነበር። በሁለተኛው ዝም አሉ። ስለዚህ አጣርተዋል ማለት ነው። ዘገባውን አንብበውታል።

አክስቴ «ልጁን በትምህርት ሊገዛው ነው እንዴ?» አለች። እኔ እንደዚያ አላሰብኩም፤ ግን አልመጣም። አልጋ ማዘጋጀት አይጠበቅብዎትም።

እንደ ትንሽ ልጅ አይዩኝ። ያነበቡትን ይጻፉልኝ። ስንት ሰዓት ወደቁ፣ ስንት ሰዓት ደረሱላቸው፣ በመካከሉ ምን ሆነ። እሱን ሳላውቅ ማመልከቻውን አንሣ ቢሉኝ የማላውቀውን ነገር ስጥ ማለት ነው። ካወቅኩ በኋላ ራሴ እወስናለሁ።

ታወር

*

መጋቢት 11

ለእህቴ ልጅ፣

ልብህን ፈጣሪ ይያዝልህ። ይህን በከረጢት አልላክኩም፤ ዛሬ ወደ እናንተ በሚበር አብራሪ እጅ ነው የሰጠሁት፤ ስለዚህ ቶሎ ይደርስሃል። ሰዓቶቹን ወደ እናንተ አቆጣጠር ለውጬልሃለሁ።

የወደቁት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፓይለቱ ወዲያው ዐረፈ። ወንድምህ አልሞተም ነበር። እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ውስጡም ይደማ ነበር። ግን ከአውሮፕላኗ ራሱን አወጣ። ፓይለቱንም ጎትቶ አወጣው። ጃኬቱን አውልቆ ፊቱን አለበሰው። ጃኬቱ ከፓይለቱ ጋር ተቀብሯል፤ የፓይለቱ ቤተሰብ የራሱ መስሏቸው። የጠየቅከኝ ይህን ነው።

ጎረቤቶቻችን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄሊኮፕተራቸውን አዘጋጅተው ሞተሩን አስነሥተዋል። መንገዱ የሃያ አምስት ደቂቃ ነው። መስመሩን ለመሻገር የኛን የጽሑፍ ፈቃድ ጠበቁ። እኛ ደግሞ ጥያቄው በጽሑፍ እስኪመጣልን ጠበቅን። የኛ ፈቃድ የደረሳቸው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ ወንድምህ እስከ አንድ ሰዓት ገደማ በሕይወት እንደነበረ ጽፏል። ቢደርሱለት ይተርፍ ነበር ወይ ትለኛለህ። ዘገባው «ሊተርፍ ይችል ነበር» ይላል። ከዚህ የበለጠ አይልም፤ እኔም አልጨምርበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ዘገባው አይልም። በአገራችን ሕግ የሌላ መንግሥት አውሮፕላን ለነፍስ አድን እንኳ ቢሆን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ወደ ሰማያችን እንዳይገባ የምትል አንቀጽ አለች። የጻፍኳት እኔ ነኝ። ያኔ ከጎረቤታችን ጋር ተኳርፈን ነበር፤ ሰማያችንን ማስከበር ከሁሉ የሚቀድም የአገር ጉዳይ ነበር። ስብሰባው ቆሞ አጨበጨበልኝ። ወደዚህ የተሾምኩትም በሷ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የትኛው ሰው ላይ እንደምታርፍ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዝም ያልኩህ መንግሥት ዝም በል ብሎኝ ብቻ አይደለም።

ማመልከቻውን አንሡ ብዬ ሁለተኛ አልጠይቅህም። የወሰንከውን ወስን።

አጎትህ

*

ደብዳቤዎቹ እነዚህ ናቸው ጋሼ። የኋለኛውን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ በሕይወት ጠብቀሃል። እኔ በነዚያ ሰዓቶች የሒሳብ የቤት ሥራ ስሠራ፣ ከዚያ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ስጫወት ነበር። ሁለት ግብ አግብቻለሁ። ስትመጣ ልነግርህ አስቤ ነበር።

ዘገባው በአደባባይ እንዲነበብ ፈለግኩ። ስምህ እንዲጠራ፣ የጠበቁት ሁሉ ቆመው እንዲሰሙት። አክስቴ «እውነቱን አንተ አውቀኸዋል፤ ሌላው ማወቁ ምን ይጨምርልሃል?» አለችኝ። «ስሙን» አልኳት። ተነሥታ ሸሚዜን ማጠብ ጀመረች። ንጹሕ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ራሰ በራው መጣ። ቆሞ ነው ያወራኝ።

«ያ ጣቢያ እንደገና ተበላሽቷል» አለ።

«የጠገነው እሱ እኮ ነው» አልኩት፤ ያንተን ሥራ የነቀፈብኝ መስሎኝ።

«መብረቅ ነው የመታው፤ ቀኝ እጅ ጠገነው ግራ እጅ ጠገነው አይመርጥም። በሚቀጥለው ሳምንት አዲሱ ቴክኒሻን ይሄዳል። በዚያችው መስመር ላይ ነው የሚያልፈው።»

«ሕጉስ?»

«ሕጉ ያው ነው። ብትወድቅ ያው እንደዋወላለን። እንደምን ዋላችሁ እንባባላለን።»

አዲሱን ቴክኒሻን አይቼዋለሁ ጋሼ። መዝገብ ቤት ተቀምጬ ስጠብቅ መጥቶ፣ ከእትዬ ጋር ሲቀልድ፣ የልጁን የጥርስ ቡርሽ መግዛት ረስቶ ሁለት ቀን ሚስቱ እንደተቆጣችው ሲያወራ ነበር። ስሙን አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ፈራሁ።

መጋቢት 15 እኔና አክስቴ መሥሪያ ቤት ሄድን። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ። «ልጄ፣ ይህ ውሳኔህ በአገራችን የአቪዬሽን ታሪክ...» ብሎ ጀመረ። አክስቴ «ጌታዬ፣ ልጁ ትምህርት አለበት። ብዕሩን ይስጡት» አለችው። ኃላፊው ሲያፍር ሳየው ትንሽ አዘንኩለት። ንግግሩን በደንብ አጥንቶት ነበር።

ወረቀቱ ማመልከቻችንን በፈቃዳችን እንዳነሣን ይላል። አክስቴ ፈረመች። እኔ ከመፈረሜ በፊት «ስምምነቱ መቼ ይፈረማል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የናንተ እንዳለቀ» አለ ኃላፊው።

«ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ይፈርሙ። ከዚያ እኔ እፈርማለሁ።»

«እነሱም ቤተሰቡ መጀመሪያ ይፈርም እያሉ ነው» አለ። «ምናለበት፣ እናንተ ብትቀድሙ።»

አክስቴ አየችኝ። እኔ ሰዓቱን አየሁ። አምስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ብፈርም ላይፈርሙ ይችላሉ። እኔም ካልፈረምኩ አይፈርሙም። ኃላፊው እጁን አጣምሮ በትሕትና ይጠብቀኛል፤ ሁላችንም በትሕትና እንጠባበቃለን።

ቀድሜ ፈረምኩ።

ለአጎታችን የላክኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ፈርሜያለሁ፤ አሁን የእርስዎ ተራ ነው።» መጋቢት 24 በዚያው አብራሪ እጅ መልስ መጣ፤ እሱም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዛሬ ጠዋት ተፈረመ፤ በሩ ላይ እኔ ቀደምኩት።» የተፈረመውን ወረቀት ራሰ በራው አሳየኝ። ሦስት ገጽ ነው። ያንተ ስም አንድም ቦታ የለም። «ባለፈው ጊዜ ካጋጠመ ሁኔታ በመነሣት» ይላል። ሁኔታው አንተ ነህ። አዲሱ ቴክኒሻን ስምምነቱ በተፈረመ በነጋታው ሄዶ ጠግኖ ተመልሷል፤ ምንም አልሆነም። ሄሊኮፕተርም አላስፈለገም።

ጥሩ አድርጌያለሁ ወይስ ሸጬሃለሁ? ለዚህ መልስ የሚሰጠኝ አንተ ብቻ ነህ፤ አንተ ደግሞ ደብዳቤ መመለስ ድሮም ሰነፍ ነህ። ለአጎታችን ገና አልጻፍኩለትም። አልጠላሁትም። ግን የምጽፍለት ነገር ሁሉ ወይ ይቅርታ ወይ ወቀሳ ይመስልብኛል፤ ሁለቱንም ገና አልጨረስኩም።

አክስቴ ትናንት ወደ ቤቷ ሄደች። አምስት ወር ልጆቿን ትታ እኔ ጋ ከረመች፤ «ሂጂ» ያልኳት እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ትመጣለች። በር ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ «ትችላለህ?» አለችኝ፤ ሦስት ጊዜ «እችላለሁ» አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ነቃሁ። ገና ጎሕ ሲቀድ ነው የነቃሁት፤ ግን አልተነሣሁም። ተኝቼ ጠበቅኩ። መንገድ ላይ የዳቦ ጋሪው አለፈ። የጎረቤት ቧንቧ ተከፈተ፤ ተዘጋ። የአንድ ሰው ጫማ ደረጃውን ወጣ፤ ከኛ በላይ ወዳለው ቤት ነበር። ብርሃኑ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ወለሉ ሲወርድ እያየሁ ቆየሁ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ደወል ከሩቅ ሲደወል ሰማሁ። ሰው እስኪቀሰቅሰኝ ነበር የምጠብቀው። ይህን ያወቅኩት ደወሉ ሲያቆም ነው።

ብርድ ልብሱን ገፍቼ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ዳቦ ቆሜ በላሁ። መስኮቶቹን ዘጋሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ መቆለፉን ለማየት እጀታውን አንድ ጊዜ ጎተትኩ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ።